አርባ ሰከንድ ኖይዝ

ባለፈው ሳምንት ከሰፈሬ ሱቅ እንቁላል ስገዛ ባለሱቁ ዝናብ የነካው ካርቶን ላይ ደርድሮ ሰጠኝ። የረጠበ የእንቁላል ካርቶን የራሱ ሽታ አለው፤ ያረጀ ጋዜጣና የዶሮ ቤት አንድ ላይ የሆነ። ሽታው አፍንጫዬን ሲነካው ካርቶኑን እያየሁ እዚያው ቀረሁ። ባለሱቁ የተሰበረ ያገኘሁ መስሎት ሊቀይርልኝ ተነሳ። የተሰበረ እንቁላል የለም ብዬው ወጣሁ። ለእሱ ያላልኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

አሶሳ ዳር በቁጥር በምትጠራ የሰፈራ መንደር ነው ያደግሁት። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ በመኪና ተጭነው የመጡ ናቸው፤ እኔ እዚሁ ተወለድኩ። ግቢያችን ውስጥ እህል የምናስቀምጥባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። እኔና ጓደኛዬ እናቴን ለምነን ጆንያዎቹን ወደ ዋናው ቤት ካዛወርን በኋላ፣ ከየሻይ ቤቱና ከየሆቴሉ በለቀምነው የእንቁላል ካርቶን ግድግዳዋን ከላይ እስከ ታች አለበስናት። ስቱዲዮ መሆኗ ነው። ካርቶን ድምፅ ይውጣል ተብለን ነበር። ውሸት መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ትርፉ አይጥ መጥራት ብቻ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «አንች ልጅ፣ እህሌን አስወጥተሽ የዶሮ ቤት ሠራሽበት?» ያለችኝ እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ጓደኛዬ ከጥንት አገሩ ላይ የኖሩት የበርታ ሰዎች ልጅ ናት። የተዋወቅነው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ኮምፒውተር ስንማር ነው። አማርኛ ከእኔ አሳምራ ትጽፋለች። እኔ ከእሷ ቋንቋ የማውቀው ሰላምታና ሁለት ስድብ ብቻ ነበር። ያኔ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጠርኩትም። በመንደራችን የቆጠረው ሰውም አልነበረም።

ሙዚቃ ማቀናበር የተማርነው ከኢንተርኔት ቪዲዮ ነው። አስተማሪያችን ፂሙ ደረቱ ላይ የወረደ ፈረንጅ ሲሆን፣ ከኋላው ሁልጊዜ አንዲት ድመት ተኝታ ትታያለች። ስሙ አልያዝ ስላለን «ፂሙ» እንለው ነበር። ኮሌጁ ውስጥ ኔትወርክ በተገኘ ቀን ቪዲዮዎቹን በፍላሽ አውርደን እንወስዳለን፤ ከዚያ አጎቴ በሰጠኝ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ፍጥነቱን ግማሽ አድርገን እንሰማለን። በግማሽ ፍጥነት ፂሙ የሰከረ ሰው ይመስላል። አንዷን ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ እየመለስን ምን እንዳለ እንከራከራለን፤ ያልገባኝን ቃል ጽፌ ኮሌጅ ሄጄ መምህር እጠይቃለሁ። ለአንድ የማላውቀው ሰው እንግሊዝኛ ያን ያህል ትዕግሥት ነበረኝ። አሁን ሳስበው በራሴ ደሜ ይፈላል።

የተማርነውን የምንጽፍበት ደብተር ነበረን። ጓደኛዬ «ከምፕሬሰር፦ የሚጮኸውን ዝም የሚያሰኝ፣ ዝም ያለውን የሚያስጮህ» ብላ ጻፈች። እኔ ከጎኑ «እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር» ብዬ ጨመርኩበትና እስኪያመን ሳቅን። «ሪቨርብ፦ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተናገሩት»። ኖይዝ ላይ ስንደርስ አልተስማማንም። እኔ ቆሻሻ ብለን እንጻፈው አልኩ። እሷ አይሆንም ብላ «ኖይዝ፦ ከምንፈልገው ድምፅ ሌላ ያለው ሁሉ» ብላ ጻፈች። ትክክል ነበረች። የምንፈልገው ምን እንደሆነ ግን ደብተሩ ላይ የትም አልጻፍንም።

አባቷ ዙምባራ ነፊ ነበሩ። ዙምባራ ከቀርከሃና ከቅል የሚሠራ ረጅም ጡሩምባ ነው። አንዱ ዙምባራ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ለብቻው ዜማ አይወጣውም። ዜማ የሚሆነው አሥር አሥራ ሁለት ሰው ተሰልፎ እያንዳንዱ በተራው ሲነፋ ነው። አንድ ሰው ከቀረ ዘፈኑ ጥርሱ የወለቀ አፍ ይሆናል። የእሳቸው ዙምባራ ጀማሪው ነበር፤ እሱ ካልተነፋ ሌላው አይነሳም። ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ አባታቸውም ከአባታቸው።

ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፤ ያለችው ጓደኛዬ ብቻ ናት። በዘመዶቻቸው ዘንድ ዙምባራው ከወንድ ወደ ወንድ ሲሄድ ስለኖረ፣ ከእሳቸው በኋላ ሆሞሻ ያለው የወንድማቸው ልጅ እንደሚወስደው ሁሉም ሰው ያውቃል። እሱ ነጋዴ ነው፤ ሲነፋ ያየው የለም። ጓደኛዬ ግን አባቷ ወደ እርሻ ሲሄዱላት እየተደበቀች ትነፋው ነበር። አንዳንድ ቀን ከንፈሯ አብጦ ኮሌጅ ትመጣለች። አባቷ ያውቃሉ፤ እንዳላወቀ ሰው ይሆናሉ። አንድ ቀን ከትምህርት ስትመለስ ዙምባራው ከተሰቀለበት ምስማር ወርዶ፣ እሷ ሳትንጠራራ በምትደርስበት ቁመት በተመታ አዲስ ምስማር ላይ ተሰቅሎ አገኘችው። ማን ሠራው ብላ አልጠየቀችም። በማግስቱ ስትነግረኝ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

እኔን ይወዱኝ ነበር። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። «አንተ፣ ና፣ ተቀመጥ። እናትህ ደህና ነው?» ይሉኛል። እኔ ባለጌዋ ደግሞ «አባባ፣ አንቺ ነው የሚባለው» ብዬ አርማቸዋለሁ። «አንቺ፣ አንተ፣ ጆሮ አንድ ነው» ብለው ይስቃሉ። ቤቴ ገብቼ ለወንድሞቼ እንደሳቸው እየተናገርኩ አስቃቸው ነበር። የሰውን ቋንቋ ሰባብሮ መናገር በእኛ ቤት ያስቃል፤ ጭራሽ አለማወቁ ግን ማንንም አላሳቀም።

ዙምባራውን እንቅረጸው የሚለው ሐሳብ የጓደኛዬ ነበር። መንፋቱን ባትወርስ ድምፁን መያዝ ፈለገች። አባቷ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቆይተው ግን ጓደኞቻቸውን ራሳቸው አነጋገሩልን። እህል ከገባ በኋላ ባለ አንድ ማለዳ ሊመጡልን ቃል ገቡ።

ያን ሁሉ ካርቶን የለጠፍንባት ክፍል ለዙምባራ ጠበበች። ስለዚህ ማይኩን ቀርከሃ ላይ አስረን ግቢው መካከል ካለው ማንጎ ሥር አቆምነው። እኔ ላፕቶፑን ይዤ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ዶሮዎቿን ቅርጫት ደፋችባቸው። ፀሐዩ በማንጎው ቅጠል መካከል እየሾለከ መሬቱን ዝንጉርጉር አድርጎታል፤ የወደቀ ማንጎ ይሸታል፤ ዝንብ አለ። ጓደኛዬ ነፊዎቹን ልትቀበል ወደ አስፋልቱ ሄደች። አባቷ ግን ቀድመዋቸው ደርሰው ነበር። የድምፁን ልክ ለማየት ቀረጻውን ከፍቼ «እስቲ ትንሽ ይናገሩ አባባ» አልኳቸው።

ማይኩን ለጥቂት ጊዜ አዩት። ቆባቸውን አስተካከሉ። ከዚያ በበርትኛ መናገር ጀመሩ።

እንደ ቀልድ አልነበረም የተናገሩት። ሽማግሌ ፊት እንደሚናገር ሰው ቃላቸውን እየመረጡ፣ እያረፉ ነበር። እኔ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር። ድምፃቸው አረንጓዴ ሆኖ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ድምፁ የሚሰነጠቅበት ቀይ ጋ እንዳይደርስ እየተጠባበቅኩ ነበር። ያን የድምፅ መስመር ዛሬም ሣዪው ብትሉኝ እሥለዋለሁ። ከቃላቸው ግን የለየሁት አንዱን ብቻ ነው፦ አማና። እናቴም የምትለው ቃል ስለሆነ ነው፤ አደራ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ አሉት። የጓደኛዬንም ስም የሰማሁ ይመስለኛል፤ ግን አልምልም። አርባ ሰከንድ ያህል ተናግረው ወደ እኔ ዞሩ።

«ገባ?» አሉኝ።

«ገባ፣ አባባ» አልኳቸው።

ድምፁ ማሽኑ ውስጥ ገባ ወይ ያሉኝ መስሎኝ ነው። ገብቶ ነበር፤ አልዋሸሁም። ገባህ ወይ፣ ሰማኸኝ ወይ ማለታቸው ሊሆን እንደሚችል ግን ለአፍታም አልመጣልኝም። «አልሐምዱሊላህ» ብለው እንደ ተገላገለ ሰው ተነፈሱ። ወዲያው ነፊዎቹ እያወሩ ግቢ ገቡ፤ ጓደኛዬም ከኋላቸው።

ከዚያ ነፉ። የእሳቸው ተነስቶ ሌላው ሲቀበለው፣ ሌላው ደግሞ ሲቀበል፣ መሬቱ ከእግሬ ሥር የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። የጎረቤት ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠለጠሉ። እናቴ ማማሰያ እንደያዘች ወጥታ እስኪያልቅ ቆመች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሳምንቱ ጓደኛዬ አክስቷ ስለታመመች ሆሞሻ ሄደች። እኔ እስክትመለስ ቀረጻውን ጨርሼ ላስደንቃት ፈለግሁ። ከመሄዷ በፊት አብረን ያየነው የመጨረሻ ትምህርት ስለ ጽዳት ነበር። ፂሙ መቀስ የምትመስለውን ምልክት እያሳየ፣ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ያለውን ሁሉ ቁረጡ ብሎ ነበር፤ ሳሉን፣ ወንበር መጎተቱን፣ ወሬውን። ሁሉም ኖይዝ ነው ብሎ ነበር። እንዳስተማረኝ አደረግሁ። አርባውን ሰከንድ ከእርምጃውና ከጉሮሮ መጥረጉ ጋር አንድ ላይ ቆረጥኩት። የወንዶቹን ትንፋሽ ከመካከሉ አንድ በአንድ ለቅሜ አወጣሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ላፕቶፑ ሞልቶ አላስቀምጥም ሲለኝ ደግሞ ዋናውን ቀረጻ አጠፋሁት። የተጣራው ካለ ያልተጣራው ምን ያደርጋል ብዬ ነው።

በዚያው ሰሞን ኔትወርክ ጠፋ፤ ለወራት ጠፍቶ ቆየ። ሲመለስ ያወረድነው ቀጣዩ ትምህርት «ዋናውን ቀረጻ በጭራሽ እንዳታጠፉ» ብሎ ይጀምራል። ድመቷ እንኳ ቀና ብላ ያየችኝ መሰለኝ።

ጓደኛዬ ስትመለስ ያጣራሁትን ሰምታ አቀፈችኝ። አባቷ ከዚያ በፊት መናገራቸውን አታውቅም፤ እኔም ልነግራት የሚገባ ነገር መሆኑን አላወቅሁም። አባቷን ይስሙት ብንላቸው እንቢ አሉ። «እኔ ነፋሁ፣ ለምን ሰማሁ?» ብለው ሳቁ። ለእሷ ግን አልፎ አልፎ ቃሌ ማሽኑ ጋ ነው ይሏት ነበር። መንፋታቸውን የሚሉ መስሏት ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት ስትሮክ መታቸው። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ፤ ምላሳቸው ተያዘ። ዓይናቸው ብቻ እንደ ድሮው ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ የወንድማቸው ልጅ ዙምባራውን ሊወስድ ከሆሞሻ መጣ። ያኔ ነው በደህናው እጃቸው ወደ እኛ መንደር አቅጣጫ ማመልከት የጀመሩት። ዙምባራው የተሰቀለበትን ግድግዳ፣ ልጃቸውን፣ ከዚያ ወደ እኛ መንደር። ደጋግመው። ቃሌ ማሽኑ ጋ ነው ሲሏት የኖሩት ያኔ ለጓደኛዬ ገባት። ለሽማግሌዎቹ፣ አባቴ ዙምባራው ለማን እንደሚሆን ማሽኑ ላይ ተናግሯል፣ ስሙትና ፍረዱ አለቻቸው።

አራት ሽማግሌዎች ግቢያችን መጡ። አባባንም በባጃጅ አምጥተው ማንጎው ሥር ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ላፕቶፑን ከፈትኩት። የዙምባራው ድምፅ ወጣ፤ ንጹህ፣ ምንም የሌለበት። ወዲያው ደህናውን እጃቸውን አነሱ። ወደ ኋላ የሚል ምልክት ነበር። እንደገና ከመጀመሪያው ከፈትኩት። እንደገና እጃቸውን አነሱ። ጓደኛዬ ከኋላዬ ሆና በቀስታ ከዚህ በፊት ያለውን ክፈቺው አለችኝ።

ፋይሉ ተበላሽቷል አልኳት። አንገቴን ሳላዞር ነው ያልኳት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «አንተ እዚህ ነበር። ምን አለ?» አሉኝ።

«በርትኛ አልሰማም» አልኳቸው።

«የት ተወለደ?»

«እዚሁ።»

ሽማግሌው ለጓደኞቻቸው በቋንቋቸው ነገሯቸው። ማንም አልሳቀም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። የሰፈራ ልጆች እንግሊዝኛ ልንማር ድመት ስናይ ከርመን፣ ሃያ ዓመት የአጥር ጎረቤት የሆኑንን ሰዎች ቋንቋ አንዲት ዓረፍተ ነገር አልያዝንም። አማና የምትለውን ቃል ሰምቻለሁ ማለት እችል ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ግን ሰማሁ ካልኩ፣ የሰማሽው የት ሄደ ሊሉኝ ነው። ራሴን አተረፍኩ። አባባ እስኪወስዷቸው ድረስ ከዓይኔ ዓይናቸውን አልነቀሉም፤ ቁጣ አልነበረበትም። ሞኟ እኔ፣ ለመልካምነታቸው መልሼ የሰጠኋቸው ይኼን ነው።

የወንድማቸው ልጅ ዙምባራውን ባጃጅ ላይ በገመድ አስሮ ወሰደው። ኋላ እንደሰማሁት ሱቁ ውስጥ ከሸቀጡ በላይ ሰቅሎታል፤ ደንበኛ ፎቶ ይነሳበታል። ጓደኛዬ ትንሽ ቆይታ ባምባሲ ሥራ አገኘች። የምንለያየው ለጊዜው ይመስል ተሳሳቅን። ደብተሩን እኔ ጋ ተወችው።

እኔ ዛሬ አሶሳ ከተማ ውስጥ እውነተኛ ስቱዲዮ አለኝ። የሠርግ ዘፈን እቀርጻለሁ፣ የሱቅ ማስታወቂያ እቀርጻለሁ። ሰው እጇ የተባረከ ነው፣ የምትቀርጸው ነገር ጥርት ያለ ነው ይላል። አንድ ሰሞን በርትኛ ልማር ብዬ የሚያስተምር ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁና አጣሁ። ከዚያ ተውኩት። ከግቢዬ ወጥቼ ጎረቤት ማንኳኳት ያን ጊዜም አልመጣልኝም፤ ይኼ ነው የሚያናድደኝ።

አባባ ዙምባራው በተወሰደ በዓመቱ አረፉ። ለቅሶ ስደርስ ጓደኛዬ ከባምባሲ መጥታ ነበር። ድሮ ጓዳዋ ገብቼ ከድስቱ የምበላ ሰው፣ ያን ቀን ከእንግዶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ አስቀመጠችኝ። ውሃ አምጥታ አስታጠበችኝ። ስለ እናቴ ጤና ጠየቀችኝ። ሁሉም ነገር በደንቡ ነበር። ልሄድ ስነሳ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ፤ ባጃጅ እስኪመጣ አብራኝ ቆመች።

እዚያ ላይ ድፍረት መጣልኝ። ያን ቀን ማንጎው ሥር ስለ ፋይሉ ያልኩሽ፣ ብዬ ጀመርኩ።

«ተይው» አለችኝ። «የተበላሸ ፋይል እንደዚያ ንጹህ ሆኖ አይጀምርም። የመቀሱን ቪዲዮ አብረን ነው ያየነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር ማለት ነው። ዙምባራው ገመድ ታስሮበት ሲሄድ ታውቅ ነበር። ለምን ያኔ አልተናገርሽም አልኳት።

«በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት?» አለች። «አባቴ እያየ? አንቺን ላጋልጥ?»

ባጃጁ መጣ። የምወርድበትን ቦታ እሷ ለሹፌሩ ነገረችው። ገብቼ ተቀመጥኩ። ባጃጁ ሲነሳ ዘወር ብዬ አየኋት፤ አዲስ የመጡ ለቅሶ ደራሾችን እየተቀበለች በቋንቋዋ ትናገራለች፤ የምትለው አልገባኝም።